ጥሬ ሰው፣ የበሰለ ሰው

ባለፈው ጥቅምት አንድ ዘመዳችን ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ቻይናን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ተገናኘንና ክርክር ገጠምን። አንደኛው ለአሥር ቀን ሥልጠና ቼንግዱ ደርሶ የመጣ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። አውርቶ አይጠግብም። በከተማው የሕዝብ መናፈሻ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ የማያውቃቸው ሽማግሌዎች የሱፍ ፍሬያቸውን እንዳካፈሉት፣ መንገድ የጠየቃት ልጅ ጉዳይዋን ትታ እስከ ባቡር ጣቢያው እንደሸኘችው፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች አብረኸን ፎቶ ተነሳ እያሉ እንደለመኑት ነገረን። ሁለተኛዋ መርካቶ ሱቅ ያላት፣ ጓንጁ መመላለስ ከጀመረች ሃያ ዓመት ያለፋት ነጋዴ ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። «ልጄ፣ አሥር ቀን ለተቀመጠ ሁሉም ከተማ ደግ ነው» አለችው። እሱ ቅር አለው፤ ንግድ ልብሽን አድርቆት ነው አላት። ነገሩ ሲከር ወደ እኔ ዞሩ፣ ዉሃን ሁለት ዓመት መማሬን ያውቃሉና። «የዉሃንስ ሰው እንዴት ነው?» ተባልኩ። መልስ አጣሁ። ያን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ መልስ ማጣቴ ነው።

ዉሃን ፈገግታ የሚበዛባት ከተማ አይደለችም። ሌሎቹ ቻይናውያን ራሳቸው ዉሃን ያለችበትን የሁቤይ ክፍለ ሀገር ሰው ኃይለኛና ብልጥ ነው ብለው ዘጠኝ ራስ ባለው ወፍ ይመስሉታል። አውቶቡስ ነጂው ይጮኻል፣ ሻጩም ይጮኻል። ከመኝታ ግቢያችን በር ፊት ለፊት ሮጋንሚየን የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሮጋንሚየን የዉሃን ቁርስ ነው፤ ተቀቅሎ ያደረው ኑድል ፈልቶ በሚንተከተክ ውኃ ነከር ተደርጎ ይወጣና ወፍራም የሰሊጥ ልቁጥ፣ የኮመጠጠ የአትክልት ክትፍና የሽንኩርት ቅጠል ይደረግበታል፤ ሰዉም በወረቀት ሳህን ይዞት እየሄደ ይበላል። ሴትዮዋ ለወራት «ምን ልስጥህ?» ከሚለው በቀር ቃል አልተነፈሰችልኝም። እኔ በአዘቦት ቀን እንቁላል የሚመታበትን ትኩስ መጠጥ፣ ረቡዕና ዓርብ ግን የአኩሪ አተር ወተት ነበር የማዝዘው። ስለ ጾም አልነገርኳትም፤ ቻይንኛዬ ለዚያ አልደረሰም ነበር። አንድ ረቡዕ ወረፋዬ ደረሰና ገና አፌን ሳልከፍት የአኩሪ አተሩን ወተት አስቀመጠችልኝ፤ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች። ሐሙስ እንቁላሉን ሰጠችኝ፣ ዓርብ መልሳ አኩሪ አተሩን። ቀን ቆጥራልኝ ኖሯል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ፊቷን አልፈታችልኝም።

ቻይናውያን የሚያውቁትን ሰው «ሹረን»፣ የማያውቁትን «ሸንግረን» ይሉታል። ቃል በቃል ሲፈታ የመጀመሪያው የበሰለ ሰው፣ ሁለተኛው ጥሬ ሰው ማለት ነው። እኛ በሳል ስንል ስለ ሰውዬው አስተዋይነት ነው የምንናገረው፤ በእነሱ ቃል ግን የሚበስለው በሁለት ሰዎች መካከል ያለው መተዋወቅ ነው። ታላቁ የማኅበረሰብ አጥኚያቸው ፌይ ሺያዎቶንግ በ1940ዎቹ የአገሩን የዝምድና ሥርዓት ድንጋይ ሲወረወርበት በኩሬ ላይ በሚነሳ ክብ ሞገድ መስሎታል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሞገድ መካከል ላይ ነው፣ ግዴታውም ከእሱ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ ዓይን ጥሬ ሰው ጠላት አይደለም፤ እሳቱ ገና አልደረሰበትም።

አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ቃል ይዟቸዋል። እንግዳ ማለት አልጋ የሚለቀቅለት ሰው ነው፤ እንግዳ ነገር ማለት ደግሞ የማይታወቅና የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ማታ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የመጣውን እግሩን አጥበን የምናሳድር ሰዎች፣ በማግስቱ ፀጉረ ልውጥ ሰፈር ውስጥ ታየ ብለን እንጠቁማለን።

የኔ ሐሳብ ከዚህ ተነሳ። ለእንግዳ የሚደረግ ደግነትና ከእንግድነት የሚያወጣ ደግነት ይለያያሉ። የቼንግዱ ሽማግሌዎች ለወዳጃችን የመጀመሪያውን ሰጡት፤ የዉሃኗ ሴት ለኔ ሁለተኛውን። አብሮ ፎቶ መነሳት ከእንግዳ ጋር ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር በየጠዋቱ ፎቶ የሚነሳ የለም። ከተማ የውጭ ሰው መውደዱ የሚታወቀው በሁለተኛው ነው ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

የሚደግፈኝ ነገርም አላጣሁም። በዲሴምበር 2024 ቻይና በአገሯ አልፈው ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ የ54 አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ 240 ሰዓት እንዲቆዩ ፈቀደች። በዚያው ዓመት ሆቴሎች የውጭ ሰው የማሳደር ፈቃድ የለንም እያሉ ሰው እንዳይመልሱ ባለሥልጣናቱ አሳሰቡ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2023 የውጭ ባንክ ካርድ በስልክ መክፈያዎቻቸው ላይ እንዲሠራ ተደርጓል። ሰሞኑን ደርሰው የሚመለሱ አውሮፓውያን ከተሞቹን ማወደሳቸው እውነት አለው፤ በሩ በእርግጥ ተከፍቶላቸዋል። ከ54ቱ መካከል ግን አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴሩ የውጭ ዜጎች ቋሚ መኖሪያ የሚያገኙበትን ረቂቅ ደንብ ለአስተያየት ቢያወጣ አገር ምድሩ በቁጣ ተነሳ፣ ረቂቁም ተከድኖ ቀረ። በዚያ ዓመት የሕዝብ ቆጠራ በዋናው ቻይና የተገኙት የውጭ ዜጎች 850 ሺህ አይሞሉም ነበር፤ ከ1.4 ቢሊዮን ሕዝብ መካከል፣ ከሺህ አንድ እንኳ አይደርሱም። መጥቶ ለሚሄድ ሞቅ ያለ አቀባበል ይደረጋል፤ ልቅር የሚል ሲመጣ ግን አገር ይደነግጣል።

ይህን ሁሉ ሱቋ ተቀምጬ ለእትዬ ነገርኳት። የምታጨበጭብልኝ መስሎኝ ነበር።

«እንግዳ መሆን ምን ክፋት አለው?» አለችኝ። «እኔ ቻይና ልሆን አልሄድኩ፣ ዕቃ ላመጣ ነው የሄድኩት። ሳያታልለኝ፣ ክብሬን ጠብቆ፣ በቀኑ ከጫነልኝ እንግዳ ቢለኝ ምን ይጎድልብኛል? ዘመድ የምትፈልገው አገርህ ላይ ነው።»

ይህን በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። ፈላስፋው ካንት በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሳን የሚለው ከእሷ ብዙ አይርቅም። ማንም ሰው የሌላውን አገር ሲረግጥ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው፤ ያ ግን የመጎብኘት መብት ነው፣ ለመኖር ሌላ ውል ያስፈልጋል ይላል። ነገሩም የቸርነት ሳይሆን የመብት ነው ብሎ ያጠብቀዋል። እንዲያውም ቻይና አውሮፓውያንን ከደጇ ማቆሟን ብልህነት ነው ይለዋል፤ እነዚያ እንግዶች በየደረሱበት የሠሩትን ያውቃልና። ጓንጁ ይህን በገላዋ ታውቀዋለች። ከ1757 እስከ 1842 የምዕራብ ነጋዴዎች ከቅጥሩ ውጭ በወንዙ ዳር በተሠሩ መጋዘኖች ብቻ ተወስነው ይነግዱ ነበር፤ ሚስት ማምጣት አይፈቀድም፣ የንግዱ ወቅት ሲያልቅ ወደ ማካዎ ይወጣሉ። ያ ሥርዓት የፈረሰው በኦፒየም ጦርነት መድፍ ነው። በሯን ሰብሮ የገባ እንግዳ ያየች ከተማ፣ እንግዳ በእንግድነቱ ይቆይልኝ ብትል ማን ይፈርድባታል? እትዬ ትክክል ናት፣ እኔ ከከተማ ዝምድና እየለመንኩ ነው ማለት ጀመርኩ።

ግን ኤፕሪል 2020 አለ። ኮሮና ባስፈራበት በዚያ ሰሞን ጓንጁ ውስጥ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ካረፉበት ሆቴል ተባረሩ። ከአገር ሳይወጡ የከረሙት ሁሉ በግዴታ ተመረመሩ፣ ተገለሉ። አንድ ምግብ ቤት ጥቁር ሰው አይገባም የሚል ጽሑፍ ደጁ ላይ ለጠፈ። ሻንጣቸውን ተደግፈው አስፋልት ዳር ያደሩ ነበሩ። ቤጂንግ ያሉት የአፍሪካ አምባሳደሮች ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ እዚህ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪ ማሃማት የቻይናን አምባሳደር ጠርተው ቅሬታቸውን ነገሩ። ከተባረሩት ብዙዎቹ ለዓመታት እትዬ የምትለው ዓይነት እንግዳ ነበሩ። ኪራይ ከፍለዋል፣ ዕቃ ጭነዋል፣ ሺያዎቤይ በሚባለው የጓንጁ ሰፈር ውስጥ ደንበኛ ሆነው ከርመዋል። እንግድነት ያለበት ጉድለት ይህ ነው፤ የቤቱ ባለቤት በቃኝ ባለበት ቀን ያበቃል።

እትዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ፍርሃት ነው፣ ልጄ» አለች። «እኛስ ያን ጊዜ ፈረንጅ ባለፈ ቁጥር ኮሮና እያልን ስንጮህበት አልነበር?»

ነበር። ፍርሃት መሆኑንም ከዉሃን የበለጠ የሚመሰክር የለም። ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ከተማዋ ስትዘጋ፣ ቀድመው የወጡ የዉሃን ሰዎች በገዛ አገራቸው ከሆቴል ደጅ ተመልሰዋል። የሁቤይ ሰው የመታወቂያ ቁጥር በ42 ይጀምራል፤ ያን ቁጥር ያየ ሁሉ ይሸሽ ነበር። ያቺ የኑድል ሴት በዚያ ሳምንት ሌላ ከተማ ብትገኝ ኖሮ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት አገር በአንድ ሌሊት ጥሬ ሰው ያደርጋት ነበር። ታዲያ የጓንጁም ነገር ፍርሃት ብቻ ነበር ልበል? ብዙ ቀን አገላብጬዋለሁ። አልልም። ደጅ ካደሩት መካከል ተመርምረው ነፃ የተባሉ፣ ማስረጃውን በእጃቸው የያዙ ነበሩ። የሁቤዩን ሰው የሸሹት ከመጣበት ቦታ የተነሳ ነው፤ አፍሪካዊውን ግን ወራት ሙሉ ከከተማዋ ሳይወጣ በቆዳው ሸሹት። ከቦታ መራቅ ይቻላል፣ ከቆዳ ግን የት ይኬዳል? ፍርሃት ማንን እንደሚያስመርጥ የሚያሳየው ቀድሞ የነበረውን ነው።

ይህን ብዬ የጨረስኩ መስሎኝ ሳለ እትዬ ከመደርደሪያው አንድ የሴት ቦርሳ አውርዳ ፊቴ አስቀመጠች። በ2020 መጀመሪያ ሳንዩዋንሊ የቦርሳ ገበያ ላለች አንዲት ነጋዴ ቀብድ ከፍላ ነበር። በመካከላቸው ውል የሚባል ወረቀት የለም፤ በስልክ የተላላኩት ፎቶና ቁጥር ብቻ። ድንበሩ ተዘጋ፣ እስከ ጃንዋሪ 2023ም ገደቡ አልተነሳም። እትዬ ገንዘቡን ከልቧ አውጥታው ነበር። በመጨረሻ ስትሄድ ሱቁ ቦታው የለም። ጠያይቃ አዲሱን ስታገኘው ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። ቦርሳዎቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፣ በየጥቅሉ ላይ በቻይና ፊደል አንድ ቃል ተጽፏል። ምንድነው ብላ ብትጠይቅ ስምሽ ነው አለቻት። ስሟን በሰማችው መጠን በፊደላቸው ጽፋ፣ ሱቅ ስትቀይር ተሸክማ፣ ሦስት ዓመት አቆይታላታለች። የመጋዘን ሂሳብ አልጠየቀቻትም።

«ይቺስ ጓንጁ አይደለችም?» አለችኝ እትዬ።

ናት። ቤት ያስለቀቀውም ጓንጁ ነው፤ በዚያ ሳምንት ለተባረሩት ምግብ ያመላለሱ ቻይናውያን በጎ ፈቃደኞችም ጓንጁ ናቸው። ከዚህ ወዲያ የጀመርኩትን ሐሳብ እንደነበረ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። መብሰል በሁለት ሰዎች መካከል የሚሆን ነገር ነው። የቦርሳዋ ነጋዴ እትዬን አወቀቻት፤ የዉሃኗ ሴት እኔን። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው የውጭ ተማሪ ግን ለእሷ ያው ጥሬ ነበር። ከተማ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሬ ሰዎች የሚተላለፉበት ቦታ ነው፤ እያንዳንዳቸው እስኪበስሉ ደጅ ሊያድሩ አይችሉም። ይህ የውጭ ሰው ብቻ ጣጣም አይደለም። ሼንዘን «ከመጣህ የሼንዘን ሰው ነህ» የሚል መፈክር አላት። በ2020 ቆጠራ 17.5 ሚሊዮን ሰው ሲቆጠርባት፣ አብዛኛው የከተማዋ ሁኮው የለውም፤ ሁኮው ከ1958 ጀምሮ የቻይናን ሰው ከተመዘገበበት ቦታ ጋር ያሰረው የነዋሪነት መዝገብ ነው። ፎቆቹን ያቆሙት የገጠር ልጆች ናቸው፣ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚጨነቁትም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ለጥሬው ሰው የሚያስፈልገው መብት ነው፤ በዚህ ካንትን እከተላለሁ። ሊባረር የማይችልበት ውል፣ ቆዳ የማይጠይቅ በር። ይህ ደግሞ ከዉሃኗ ሴት የሚጠበቅ አይደለም። የቼንግዱን ሽማግሌዎች ግን ያለ አግባብ አሳንሻቸው ነበር፤ ይህን ለወዳጃችን ደውዬ ነግሬዋለሁ። ዳግመኛ የማያዩትን፣ አንዳች የማይጠብቁበትን ጥቁር ሰው ጎናቸው አስቀምጠው የሱፍ ፍሬ አካፈሉት። ያ ከእንግድነት አላወጣውም። ይሁን እንጂ በኤፕሪል 2020 ጓንጁ አስፋልት ዳር ሻንጣውን የተደገፈ ሰው፣ አንድ የማያውቀው ሰው ከጎኑ ቢቀመጥለት ኖሮ፣ ትንሽ ነገር ነው ይል ነበር? እኔ እንጃ። ጓንጁ ውስጥ ቀን የቆጠረችለት ሴት ብትኖርስ፣ በዚያ ሌሊት በሯን ትከፍትለት ነበር? ይህንንም እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ስለ ራሴዋ ሴት እንኳ።

ከዉሃን የወጣሁት ረቡዕ ቀን ነው። ሻንጣዬን ይዤ ቆምኩና ከነገ ጀምሮ አልመጣም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ የአኩሪ አተሩን ወተት ክዳኑን አጥብቃ ሰጠችኝ። ልከፍል ስልኬን ሳወጣ እጇን አወናጨፈችብኝና «ሂድ፣ ሂድ፣ ወረፋውን አትያዝ» አለችኝ።