የድንጋዩ ቁና

በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆም አንድ የእህል ገበያ ነበር አሉ። በገበያው መሀል፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር፣ ከጥቁር ድንጋይ የተፈለፈለ ቁና ተተክሎ ይኖራል። ማን እንደፈለፈለው የሚያውቅ የለም። ሥራውን ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ሻጭና ገዢ የተጣሉ እንደሆነ ከስንደዶ የተሰፋው የሻጩ ቁና ጤፍ ተሞልቶ ይመጣና በድንጋዩ ውስጥ ይገለበጣል። አፍ ለአፍ ከገጠመ ሻጩ ንጹሕ ነው፤ ከጎደለ ጉድለቱን በገበያተኛው ፊት ይሞላል። ድንጋዩን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ገበያተኛው እፍኝ እፍኝ እህል ያዋጣላቸዋል።

አንድ ዓመት ሩቅ አገር ሄዶ የተማረ የዚያው ቀዬ ልጅ ተመለሰ። አንደበቱ የቀና፣ ልቡ ለሰው የሚራራ ወጣት ነበር። በገበያው ሲዘዋወር አንዲት ባልቴት ቁናዋ ጎድሎ ተገኝቶ፣ ሰው ሁሉ እያያት በሐፍረት ስታለቅስ አየ። አንጀቱ ተላወሰ። ሕዝቡን ሰብስቦም እንዲህ አለ፦

«ወገኖቼ፣ ይህ ድንጋይ የጠብ ምንጭ ነው። ሰው ቁናውን የሚሰፋው በገዛ እጁ፣ ከእናቱ ባየው ሙያ ነው። የእኔ ቁና ለእኔ ልክ ነው፤ የእናንተም ለእናንተ ልክ ነው። ድንጋዩንስ ቢሆን የፈለፈለው ሰው አይደለም እንዴ? የሞተ ሰው እጅ በሕያዋን ላይ ስለምን ይፈርዳል?»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ መለሱለት። «ልጄ፣ ድንጋዩን ሰው እንደፈለፈለው አልክድም። ሰፋ ወይም ጠበብ አድርጎ ሊፈለፍለው ይችል ነበር። በጆንያው ውስጥ ያለውን ጤፍ ግን ማንም አልፈለፈለውም። በትንሽ ቁና ብትሰፍረው ቁጥሩ ይበዛል፤ በትልቅ ብትሰፍረው ቁጥሩ ያንሳል፤ ጤፉ ግን ያው ነው። ድንጋዩ የሚነግርህ የእኔን ሐሳብ አይደለም፤ የጤፉን ልክ ነው።»

«አባቴ፣ የጤፉን ልክ ማን አየው? እርስዎም የሚያዩት በድንጋይዎ በኩል ነው» አላቸው ወጣቱ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከእንግዲህ አጭበርባሪ ተብሎ የሚዋረድ ሰው አይኖርምና ነገሩ ለሁሉም ጣመው። ድንጋዩን ነቅለው አጋደሙት፤ አፈርም አለበሱት። ለጥቂት ወራት ገበያው እውነትም ሰላም ሆነ። «የእርስዎም ልክ፣ የእኔም ልክ» መባባል እንደ ሰላምታ ተለመደ።

ክረምት ገባ። ሐምሌ የድሃ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት መበለት ወደ አገሩ ባለጸጋ ሄዳ አምስት ቁና ጤፍ ተበደረች። ባለጸጋው ሲሰፍርላት የቁናው ጥልቀት አላማራትም። እጇን ሰደድ አድርጋ ብትዳስስ ታቹ በእበት ተለስኖ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ልትናገር ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? ቁናው የእሱ ነው፤ ለእሱም ልክ ነው። አመስግና ተሸክማ ሄደች።

ጥር ላይ አውድማዋን ወቅታ ብድሯን ልትከፍል መጣች። ባለጸጋው ከጓዳ ሌላ ቁና ይዞ ወጣ፤ አፉ የሰፋ፣ ሆዱ የተንዘረጠጠ።

«ጌታዬ፣ ሲያበድሩኝ የሰፈሩልኝ በዚህ አልነበረም» አለች።

«ያ የሐምሌ ቁናዬ ነው፤ ይህ የጥር ቁናዬ ነው። ሁለቱም ለእኔ ልክ ናቸው። አንቺም የራስሽ ቁና አለሽ፤ ማን ከለከለሽ?»

ሰፈረባት። እስከ ነሐሴ ያደርሰኛል ያለችው እህል ፋሲካ ሳይደርስ አለቀ። ትንሹ ልጇ ማታ ማታ የባዶውን ጎተራ አፍ እየከፈተ ያይ ጀመር።

መበለቲቱ ዋርካው ሥር ለተቀመጡት ዳኞች አቤት አለች። የተማረው ወጣትም ከዳኞቹ አንዱ ነበር። ባለጸጋው ተጠርቶ መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎም እንዲህ አለ፦ «እሷ እንደተበደለች ይሰማታል፤ አልቃወማትም። እኔ ደግሞ እንዳልበደልኳት ይሰማኛል። የእሷ እውነት ለእሷ፣ የእኔም ለእኔ።»

ወጣቱ ብድግ አለ። «ይህ ግን በደል ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ለአንተ ነው» አለው ባለጸጋው።

ወጣቱ አፉን ከፈተ፤ የሚለው ግን አጣ። ባለጸጋው የመለሰለት የገዛ ራሱን ትምህርት ነበር። የሚቆምበትን መሬት ከእግሩ ሥር ቆፍሮ ያወጣው ራሱ ነው።

ያን ጊዜ መበለቲቱ ተናገረች። «እኔ የመጣሁት የተሰማኝን ልነግራችሁ አይደለም፤ የጎደለብኝን ልነግራችሁ ነው። ልጆቼ የራባቸው በእኔ ቁናም በእሱ ቁናም አይደለም። ራባቸው፤ አለቀ። ድንጋዩን አውጡልኝ።»

አፈሩ ተማሰ። ከቆፋሪዎቹ ፊተኛው ያ ወጣት ነበር። ድንጋዩ ታጥቦ ቆመ፤ ከሥሩም ቁርበት ተነጠፈ። የሐምሌው ቁና ሞልቶ ሲገለበጥበት ጤፉ ከድንጋዩ አፍ አራት ጣት ጎደለ። የጥር ወሩ ቁና ሲገለበጥበት ድንጋዩ ሞልቶ፣ የተረፈው ጤፍ በአራቱም ማዕዘን እየፈሰሰ ቁርበቱን ሸፈነው። ክርክር አላስፈለገም። ባለጸጋው አንገቱን ደፋ። ትርፉ ሁሉ ተሰፍሮ ለመበለቲቱ ተመለሰላት።

ሽማግሌው ወጣቱን ወደ ጥግ ወሰዱት። «ለዚያች ባልቴት ማዘንህ ደግ ነበር። ስንደዶ ሲያረጅ ይኮማተራል፤ እሷ አላጭበረበረችም። ሳንጠይቅ ማዋረዳችን የእኛ ጥፋት ነው። ጥፋቱ ያለው በእኛ ምላስ እያለ አንተ የቀበርከው ድንጋዩን ነው» አሉት።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ባለጸጋው የተናገረው ቃል ግን ዛሬም በየአዳራሹ፣ በየስልኩ መስኮት፣ አንዳንዴም በየሸንጎው ይሰማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ፕሮታጎራስ ለእያንዳንዱ ሰው የመሰለው ነገር ለእሱ እውነት ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ፕላቶ ቴያቴተስ በተባለው መጽሐፉ መልስ ሰጥቶታል። የሰው ሁሉ አስተያየት እውነት ከሆነ፣ ፕሮታጎራስ ተሳስቷል የሚለውም ሰው አስተያየት እውነት ሊሆን ነው፤ እንግዲህ ትምህርቱ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ክርክሩ እስከ ዛሬ ጽኑ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጋራው እውነት ሲነሣ የሚጎዳው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ታሪክ መልሱን ጽፎታል። ከአብዮቱ በፊት በፈረንሳይ ብዙ መሳፍንት የየራሳቸው መስፈሪያ ነበራቸው፤ ከገበሬው ግብር የሚቀበሉትም በእሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 ሕዝቡ ብሶቱን በየአውራጃው በጽሑፍ እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፣ ከብዙ መንደሮች የመጣው አቤቱታ መስፈሪያ አንድ ይሁንልን የሚል ነበር። መሳፍንቱ በየራሳቸው ቁና ተመችቷቸው ነበርና አንድ ልክ ይኑር ብሎ የለመነው ተበዳዩ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 ታላቅና ታናሽ ሚዛን መያዝን ይከለክላል፤ የቁርኣን 83ኛው ምዕራፍም ለራሳቸው አሟልተው እየሰፈሩ ለሌላው የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ይጀምራል። ሁለቱም የተቆጡት ስለሚጎድልበት ሰው ነው።

«ታዲያ ድንጋዩ ራሱ ቢሸራረፍስ?» የሚል ይኖራል። ይሸራረፋል። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ የዓለም ኪሎግራም መነሻ ሆኖ በፓሪስ አጠገብ የተቀመጠው የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ክብደት በመቶ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዘን፣ 50 ማይክሮግራም ያህል ልዩነት ታየ። ሳይንቲስቶቹ «እንግዲያው ክብደት የሚባል ነገር የለም» አላሉም። ክብደት በእውን ያለ ነገር መሆኑን ስላልተጠራጠሩ የተሻለ መለኪያ ፈለጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም ኪሎግራምን ከማይለዋወጥ የተፈጥሮ ልክ ጋር አስተሳሰሩት። እኔ ልሳሳት እችላለሁ ማለት ትሕትና ነው። ልሳሳት የምችለው ግን ከእኔ ውጭ የቆመ እውነት ካለ ብቻ ነው። እውነት የለም የሚል ሰው ስሕተቱንም ማረም አይችልም፤ ወደ ምን ያርመዋል?

በአገራችን ዛሬ ትርክት የሚለው ቃል ከሁሉም አፍ አይጠፋም። ሰው በየአቅጣጫው ይቆማል፤ ከየቆመበት የሚያየውም ይለያያል፤ ይህን ማድመጥ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰው በተገደለበት ቀዬ፣ ቤት በተቃጠለበት መንደር፣ እናት የልጇን ስም ጠርታ ስታለቅስ «ይህ የእናንተ ትርክት ነው» የሚል መልስ ሲሰጣት፣ ይህን መልስ የሚሰጣት ያ ባለ ሁለት ቁና ባለጸጋ ነው። ልጇ ሞቷል ወይም አልሞተም። ገዳዩ አለ፤ ስሙም አለው። ይህ በማንም ወገን፣ በማንም ቋንቋ የሚለወጥ ነገር አይደለም። እርቅም ቢሆን የሚጀምረው ሁለቱም ወገኖች አንዱን ሬሳ አንድ ብለው ሲቆጥሩ ነው።

እናም አንባቢዬ፣ «እውነት እንደየሰዉ ነው» ሲሉህ ቃሉ ቢለሰልስም ቶሎ አትቀበል። ይህ አባባል ዛሬ ማንን እንደሚጠቅም፣ ነገ ደግሞ የማንን አቤቱታ እንደሚያፍን መርምር። አንተም በተራህ የምትወደው ወገን ቁናውን ባጎደለ ጊዜ ጎድሏል በል፤ የምትጠላው በሞላ ጊዜም ሞልቷል በል። ኃይለኛ ያለ እውነትም ይኖራል፤ ጉልበቱ ይበቃዋል። ደካማ ግን ከእውነት በቀር ጠበቃ የለውም።