«ቡሎኑን ብቻ አጥብቅልኝ»

በምዕራብ ሐረርጌ ጫት የሚጭን የፒካፕ ሹፌር ጋራዥ ሲገባ ጊዜ የለውም። ቅጠሉ ከጠወለገ ገዢ ያጣል። ስለዚህ ከበዴሳ ጀምሮ ማርሽ ባስገባ ቁጥር ከሥር «ቋ» የሚለውን ድምፅ እየሰማ ጭሮ (የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ይደርስና «ቡሎኑን ብቻ አጥብቅልኝ» ይላል። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ይነቀንቃል። ቡሎኑ በእርግጥ ላልቷል። ግን ክሮቸራውም አልቋል፤ ዘንጉ ከፍ ዝቅ እያለ እንዲዞር የሚያስችለው ያ መስቀለኛ ብረት ግራሶው ደርቆ ኩሽኔታው ዝጓል።

መኪናው የሰውዬው ነው፤ በንብረቱ ማዘዝ መብቱ ነው ይባላል። እኔ ግን ይህ መብት ከጋራዡ በር አያልፍም ባይ ነኝ። የፊተኛው ክሮቸራ በሩጫ ላይ ከተሰበረ ዘንጉ ወድቆ አስፋልቱን ሊወጋ ይችላል። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ቁልቁለት ዳር ፍየል የምትነዳዋ ልጅ ደግሞ በሁለቱ ስምምነት ውስጥ የለችበትም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ድምፁ ይቀንሳል። መካኒኩ አልዋሸም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። ዳሩ ግን ሹፌሩን ሲያስጠነቅቅ የነበረውን ድምፅ ዝም አሰኝቶ ሸኘው።

«እኔ እምቢ ብል ጎረቤቴ ያጠብቅለታል» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው፤ የእንጀራ ነገርም አለ። ቢሆንም ከኋላ በኩል ብዙውን ጊዜ የሚፈቱት አራት ቡሎኖች ናቸው። ዘንጉን አውርዶ «እስቲ በእጅህ አዙረው» ቢለው ምን ይጎዳዋል? ያለቀ ክሮቸራ በእጅ ሲይዙት ይንቀጫቀጫል፤ ለዚያ ሹፌር መሆንም አያስፈልግም።