ጉርሻ ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአገልግሎት ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተጉዤ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ በሚገኘው በቨርጂኒያ ግዛት ለጥቂት ሳምንታት ሰንብቼ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያ አገር ረጅም ዘመን የኖሩ አንድ አዛውንት ምእመን ወደ ምሳ ወሰዱኝ። ቤቱ የአገራችን ሰዎች የሚሠሩበትና የሚመገቡበት ምግብ ቤት ነበር። በልተን ስናበቃ «ዛሬስ ሒሳቡን እኔ ልክፈል» ብዬ አጥብቄ ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ከብዙ እንቢታ በኋላ ፈቀዱልኝ። አስተናጋጇ ያመጣችውን ደረሰኝ ስመለከት፣ ከድምሩ በታች ሦስት ቍጥሮች ተሰልፈው አየሁ፤ 18 በመቶ፣ 20 በመቶ፣ 22 በመቶ። ከየቍጥሩ ጐን በዶላር ስንት እንደሚሆን ተሰልቶ ተቀምጧል። ከሥሩ ደግሞ ከፋዩ የፈቀደውን የሚጽፍበት ባዶ መስመር አለ።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። «ስጦታ እንዴት በመቶኛ ተተምኖ ይታዘዛል?» አልሁ በልቤ። ሒሳቡን ከፈልሁና ለአስተናጋጇ ሁለት ዶላር ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሣሁ። ዞር ስል ግን አዛውንቱ ከኋላዬ ቀርተው፣ ከኪሳቸው አሥር ዶላር አውጥተው በሁለቱ ላይ ሲደርቡ አየሁ። ወደ መኪናቸው ስንሄድም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ጉርሻ የተዉ መስሎዎት ነው። ለዚያች ልጅ ግን ደመወዟ ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሐሳቤ አልጠፋም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ስጦታና ዕዳ፣ ምጽዋትና ፍትሕ የሚለያዩበትን ድንበር የሚነካ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከአንባብያን ጋር ሆኜ ልመረምረው ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንናገር። «ጉርሻ» በቋንቋችን ሁለት ትርጕም አለው። አንደኛው በማዕድ ዙሪያ በእጅ ተጠቅልሎ ወደ ሌላው አፍ የሚቀርበው እንጀራ ነው። ሁለተኛው ለአስተናጋጅ ወይም ለሻንጣ ተሸካሚ ከዋጋው በላይ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። በማዕድ ላይ የሚያጎርስ ሰው ዕዳ አይከፍልም፤ የሚጎርሰውም ደመወዙን አይቀበልም። ግዴታ አለ ከተባለ እንኳ በተቀባዩ ላይ ነው፤ «በሞቴ» የተባለ እንግዳ ጠግቦም ቢሆን አፉን ይከፍታል። ሰጪውን ግን «ይህን ያህል አድርገህ አጉርሰኝ» የሚለው የለም። በደረሰኙ ላይ ያየሁት ነገር ይህን ሥርዓት የገለበጠ ነው፤ ስሙ ጉርሻ ሆኖ ሳለ መጠኑን አስቀድሞ የሚነግረው ሌላ ነው። እንግዲህ ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ሲለወጥ፣ በስሙ ሳይሆን በነገሩ መፍረድ ይገባል።

ለመሆኑ በአሜሪካ ነገሩ እንዴት ወደዚህ ደረሰ? ልማዱ ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን፣ የተስፋፋው ከእርስ በርሱ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) በኋላ ነው። ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቍሮች ሥራ ፍለጋ በወጡ ጊዜ፣ በመኝታ ባቡሮቹ የታወቀው የፑልማን ኩባንያን የመሳሰሉ ቀጣሪዎች እጅግ ዝቅተኛ ደመወዝ እየሰጡ ቀጠሯቸው፤ የቀረውን ከተሳፋሪው ጉርሻ ያግኙ ተባለ። ይህን ነገር የተቃወሙ አሜሪካውያንም ነበሩ። የዋሽንግተን ግዛት በ1909 ጉርሻን በሕግ ከለከለ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉት። ነገር ግን ሕጎቹ በሥራ ላይ ሊውሉ ስላልቻሉ እስከ 1926 ድረስ ሁሉም ተሽረዋል።

በ1966 የወጣው የደመወዝ ሕግ ማሻሻያ ደግሞ፣ አሠሪው ሠራተኛው የሚያገኘውን ጉርሻ ከዝቅተኛው የደመወዝ መጠን ላይ እንዲቀንስ ፈቀደለት። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት አሠሪው ለአስተናጋጅ በሰዓት መክፈል ያለበት ገንዘብ 2.13 ዶላር ነው፤ ይህ ቍጥር ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። ለሌላው ሠራተኛ የተደነገገው የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ግን ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ከተመጋቢው የሚመጣው ጉርሻ ነው፤ ጉርሻው ካልበቃ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል። እንደ ካሊፎርኒያና ሚኔሶታ ያሉ ሰባት ግዛቶች ይህን ቅነሳ አይፈቅዱም። ቨርጂኒያ ግን አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር እንዲከፍል ከሚፈቅዱት መካከል ናት። አዛውንቱ «ደመወዟ ነው» ያሉኝ እንግዲህ ለማጋነን አልነበረም፤ የአገሩን ሕግ በአንድ ቃል መንገራቸው ነበር።

ይህን ካወቅን በኋላ ብዙ ጊዜ የሚነሡትን ሦስት ተቃውሞዎች እንመልከት።

አንደኛው የእኔው ነው፤ «የታዘዘ ስጦታ ስጦታ አይደለም» የሚለው። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ከእርሱ የሚከተለውን ውጤት በሚገባ አላስተዋልሁም ነበር። ስጦታ ካልሆነ ምንድር ነው? ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ዋጋ ነው። ስጦታን መንፈግ ስስት ሊሆን ይችላል፤ የሥራ ዋጋን መንፈግ ግን በደል ነው። እኔ ስጦታ እንዳልሆነ ተከራክሬ ስረታ፣ ዕዳ መሆኑን በገዛ አፌ መሰከርሁ። የጥንቱ የሙሴ ሕግም ሆነ የሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረትን ከከባድ በደሎች ጋር እንደሚቈጥሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ደመወዝ መክፈል የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ለምን በእኔ ላይ ይጫናል?» የሚል ነው። ይህም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት መልእክት፣ አሠሪና ሠራተኛ ስለተስማሙ ብቻ ደመወዝ ፍትሐዊ እንደማይሆን፣ ሠራተኛውን በአግባቡ ሊያኖር እንደሚገባው አስተምረዋል። ከዚህ አንጻር የሠራተኛን ኑሮ በመንገደኛ ቸርነት ላይ የሚያንጠለጥል ሥርዓት ነቀፋ ይገባዋል። ነገር ግን ተመጋቢው ጉርሻውን ሲያስቀር የሚጎዳው ማን ነው? ባለቤቱ የምግቡን ዋጋ ተቀብሏል፤ ባዶ እጇን የምትቀረው አስተናጋጇ ናት። ሥርዓቱን የሚቃወም ሰው በሌላ መንገድ ሊቃወመው ይችላል፤ ለሕግ አውጪዎች አቤት ይበል፣ ድምፁን ይስጥ፣ ለሠራተኞቹ ሙሉ ደመወዝ የሚከፍለውን ቤት ፈልጎ ይመገብ። በዋሽንግተን ከተማ ነዋሪዎች ይህን ዝቅተኛ ክፍያ ለማስቀረት በ2018 ድምፅ ሰጥተው፣ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው፤ በ2022 እንደገና ወሰኑ፣ በ2025 ደግሞ ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ ጭማሪውን አዘገየው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሆኖም ተቃውሞውን የሚሸከመው በጠረጴዛው አጠገብ የቆመው ድኻ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ «ጉርሻ ለመልካም መስተንግዶ ነው፤ ካልሠራችስ?» የሚል ነው። በእርግጥ ስንፍናን ማመስገን አይገባም። ነገር ግን ከእኛ መካከል ፊቱን ባጠቈረ ቍጥር ደመወዙ የሚቈረጥበት ማን ነው? ጉድለት ካለ ለእርሷ ወይም ለኃላፊው በጨዋ ቃል መንገር ይቻላል። ገንዘብን እንደ አለንጋ ይዞ መቀመጥ ግን ሰጪውን ጌታ፣ ተቀባዩን አሽከር ያደርጋል። አስተናጋጇ ክፉ ቃልና ያልተገባ ቀልድ እየሰማች ፈገግ እንድትል የሚያስገድዳት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ ፈገግታዋ እንኳ የእንጀራዋ ዋጋ ሆኖባታልና።

በደረሰኝ ላይ ስለሚታተሙት ቍጥሮች ደግሞ ምን እንበል? በራሳቸው ክፉ አይደሉም። የአገሩን ልማድ ለማያውቅ እንደ እኔ ላለ እንግዳ መንገድ ያሳያሉ፤ ባስተውላቸው ኖሮ ባላፈርሁ ነበር። ነገር ግን ምክር እውነተኛ ሲሆን ነው ምክር የሚባለው። የምግቡ ዋጋ 60 ዶላር፣ ግብሩ 6 ዶላር ቢሆን፣ 20 በመቶው ከምግቡ ዋጋ ሲሰላ 12 ዶላር ነው፤ ግብር ከተጨመረበት ድምር ሲሰላ ግን 13 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከፋዩ ሳያውቅ ከግብሩም ላይ ጉርሻ ከፈለ ማለት ነው። እንዲሁም የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ በሒሳቡ ውስጥ ተጨምሮ ሳለ፣ ከሥሩ እንደገና የጉርሻ መስመር የሚያቀርቡ አሉ። ተመጋቢው ራሱ ተሰልፎ ምግቡን በሚያነሣበት ስፍራ ሳይቀር በመስታወት ሰሌዳ ላይ 25 በመቶ ጎልቶ ሲታይ፣ «አልሰጥም» የሚለው በትንንሽ ፊደል ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ይህ የሰውን እፍረት መነገጃ ማድረግ ነው። በእፍረት ለተጠየቀ ነገር ሁሉ የመክፈል ግዴታ የለብንም፤ ግዴታችን ለተሠራልን ሥራ ነው።

የአገሩ የግብር መሥሪያ ቤትም በዚህ ላይ ልዩነት አድርጓል። ከ2014 ጀምሮ፣ ቤቱ በግዴታ የሚጨምረው ገንዘብ የቤቱ ገቢ ሆኖ ለሠራተኛው ሲከፋፈል እንደ ደመወዝ ይቈጠራል፤ ጉርሻ የሚባለው ከፋዩ መጠኑን በነጻ ፈቃዱ የወሰነው ብቻ ነው። በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ ባለቤቱም ሆነ ኃላፊው ከሠራተኛው ጉርሻ ለራሱ እንዳያስቀር ይከለክላል። ሌሎች አገሮች በሌላ መንገድ ሄደዋል። በፈረንሳይ ከ1987 ጀምሮ በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የአገልግሎቱን ክፍያ የሚያጠቃልል መሆን አለበት፤ ተመጋቢው ከዚያ በላይ የሚተወው ሳንቲም በእውነት ጉርሻ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በትልልቅ ሆቴሎቻችን ደረሰኝ ላይ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር እናያለን። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ከደንበኞች የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቈጥረውም። እንግዲህ ምግብ ቤትና ሆቴል ያላችሁ ምእመናን ሆይ፣ ይህ ገንዘብ በሠራተኛው ስም ተሰብስቦ የት እንደሚደርስ ሕሊናችሁን ጠይቁ። በትንንሾቹ ሻይ ቤቶች ደግሞ «መልሱን ተይው» የምንላት ልጅ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። በግዴታ የተጻፈብን ቍጥር ስለሌለ ዕዳ የለብንም ልንል እንችላለን፤ ኑሮዋን ግን እናውቃለን።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልለይ አላልፍም። ጉዳይ ለማስፈጸም «ለሻይ» ተብሎ የሚጠየቀው ገንዘብ ጉርሻ አይደለም። ጉርሻ ከመስተንግዶው በኋላ ይሰጣል፤ ያልሰጠውም እኩል ይስተናገዳል። ያኛው ግን ለሁሉም የሚገባውን አገልግሎት አግቶ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የሌለውም ሰው ደጅ ሲጠና ይውላል። ስሙ ቢጣፍጥም ጉቦ ነው። ወጣቶችን የምታስተምሩ መምህራን ይህን ልዩነት ብታስረዱ መልካም ነው።

ከዚያ አገር ከመመለሴ በፊት፣ አዛውንቱን ለምኜ ወደዚያው ቤት እንደገና ሄድን። ያችው ልጅ አስተናገደችን። በባዶው መስመር ላይ 20 በመቶውን ከምግቡ ዋጋ አስልቼ ጻፍሁ፤ ባለፈው የጎደለውን አሥር ዶላር ለአዛውንቱ ልመልስ ብል ግን አልቀበልም አሉ። ስንወጣ ልጅቱ እስከ በር ሸኝታን፣ «አባ፣ ለመንገድዎ» ብላ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ አምባሻ በእጄ አኖረች። ዋጋውን ልጠይቃት አሰብሁና ተውሁት። እኔ ያንን ቀን ዕዳዬን ከፍዬ ነበር፤ ጉርሻውን የሰጠችው ግን እርሷ ናት።