የደም ዋጋና የቆቃ ውኃ

ይሁዳ የመለሰውን ሠላሳ ብር የካህናት አለቆች የደም ዋጋ ነው ሲሉ ወደ ቤተ መቅደስ መዝገብ ሳያስገቡ ቀርተው፣ ለእንግዶች መቃብር የሚሆን መሬት እንደ ገዙበት ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፎልናል። የደምን ዋጋ የተቀበለ ሕዝብስ በምን ሊያውለው ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ለአገራችን በምሳሌ ሳይሆን በእውነት የደረሰ ነው።

በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት። ብዙ ክርክር ካለፈ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ስምምነት ተደረገ፤ በካሣውም ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተፈጸመ። የክረምቱን ጎርፍ ገትቶ በበጋ ለወንጂና ለመተሐራ ሸንኮራ ውኃ ያደርሳል፤ ኃይሉም ወደ 43 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ በሲኤምሲ ቤቶች የሚበራው መብራት ከብዙ ወንዞች የተሰበሰበ ቢሆንም፣ ለዋና ከተማችን ብዙ ኃይል ከሰጡት ቀዳሚዎች አንዱ ቆቃ ነው። (ሰፈሩም ራሱ ስሙን ያገኘው ከአንድ የኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ነው ይባላል።)

በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጥይት ለተደበደቡት ለአቡነ ጴጥሮስ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለተረሸኑት ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ዋጋ ሊተመን አይችልም። እንግዲህ ገንዘቡ ለመታሰቢያ ብቻ መዋል ነበረበት የሚል ሰው ቢኖር ሐሳቡን አናቃልልም። ነገር ግን የሞተውን መመለስ ካልተቻለ፣ ለወላጅ አልባው ልጅ ብርሃንና እንጀራ ማድረጉ ነውር ሆኖ አይታየንም።

የሚያስጨንቀን ሌላው ነው። ውኃው በተኛበት ሜዳ ቀድሞ የሚያርሱና ከብት የሚያሰማሩ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ኢጣልያን አልወጉንም፤ ከወራሪው መከራ ድርሻቸውን ከእኛ ጋር ተቀብለዋል እንጂ። የተበደለ ሰው ካሣውን በወንድሙ እርሻ ላይ ቢያፈስሰው፣ ዕዳው ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ወደ ገዛ ቤታችን ገባ ማለት ነው። ጥቅሙ የብዙዎች ነውና ይቅር ይባል የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ ናቡቴ ርስቱን በሚሻል ወይን ወይም በብር እንዲለውጥ በተጠየቀ ጊዜ እንኳ፣ እምቢ የማለት መብቱ በእግዚአብሔር ፊት ተከብሮለታል።

የአዋሽ ደጋ አፈር በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ስለሚገባ፣ ከግድቡ ሥፍራ ከፊሉ በደለል ተይዟል። ርስቱን ያጣው ግን ያጣውን አላገኘም። በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ እንለምናለን፤ ውኃው መሬቱን ስለ ወሰደበት ገበሬ የለመነ ግን እስካሁን አልሰማንም።