ስለ አሮጌ ሞተርና ስለ ውርስ አደራ

ልማድን መጠበቅ ማለት አባቶች የሠሩትን ዕቃ መልሶ መሥራት ነውን? ወይስ እነርሱ ሲሠሩ የተመሩበትን ማስተዋል መያዝ? ይህ ጥያቄ በሥዕልና በሽመና ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከኪነ ጥበብ በማይቆጥረው በአንድ የእጅ ሥራ ላይም ይነሣል። እርሱም አሜሪካውያን «ሆት ሮድ» የሚሉት፣ ከአሮጌ መኪና አካል፣ ሞተርና ካምቢዮ ተገጣጥሞ ለፍጥነት የሚዘጋጀው መኪና ነው።

የነገሩ ሥር ያለው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1930ዎቹ በዚያ የነበሩት ፍጥነት ወዳድ ወጣቶች አብዛኞቹ የእሽቅድምድም መኪና የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። የፎርድ ኩባንያ ግን ከ1908 እስከ 1927 ድረስ «ሞዴል ቲ» የተባለውን መኪና 15 ሚሊዮን ያህል ሠርቶ ስለ ነበር፣ አሮጌ አካልና ሻንሲ በርካሽ ይገኝ ነበር። በ1932 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ስምንት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ፣ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ብዙ ሰው በሚገዛው መኪና ላይ አወጣ። ወጣቶቹ ፓራፋንጎውን እየፈቱ ክብደት ቀነሱ፤ ካርቡራተር ጨመሩ፤ ሙሮክ በሚባለው ደረቅ የሐይቅ ሜዳ ላይም ፍጥነታቸውን ለኩ።

ዛሬ «የጥንቱን» ሆት ሮድ ልሥራ የሚል ሰው ያንኑ፣ በአሜሪካ እስከ 1953 ድረስ የተመረተውን ሞተርና ባለ ሦስት ማርሹን ካምቢዮ ፈልጎ ይገጥማል። ከዚህ የበረቱ አዳዲስ ሞተሮች ሞልተው ሳለ ይህን ስለምን ይመርጣል? የዚህ ሞተር የተቃጠለ ጭስ በራሱ በሞተሩ ብረት ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ ውሃው ቶሎ ይግላል። ካምቢዮውም መኪናው እየሄደ ወደ አንደኛ ማርሽ ለመመለስ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥንና የሞተሩን ድምፅ ማድመጥን ይጠይቃል። ሠሪው የሚሻው ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ ጆሮውንና ትዕግሥቱን ያሠለጥነዋል። ይህም የሚናቅ ትምህርት አይደለም።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚመጣው መጋዙ ሲነሣ ነው። ከ1932 ጀምሮ ማንም ያልቆረጠው፣ ከነሞተሩና ከነቀለሙ የቆየ መኪና በአንድ ሰው እጅ ገባ እንበል። ሰውዬው ጣራውን ቆርጦ ዝቅ ቢያደርገው፣ ሻንሲውንም ቢበሳሳው፣ የአባቶችን ሥራ ሠራ ማለት ይቻላልን? እርሱ ግን «ንብረቱ የእኔ ነው፤ የቀድሞዎቹም ቆርጠዋል፤ ሁሉም እንዳለ ቢያስቀምጥ ኖሮ ይህ ጥበብ ባልተወለደም ነበር» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ይሁን እንጂ የእጁ ሥራ አንድ ሆኖ ሳለ የሥራው ትርጉም ሊለያይ ይችላል። የቀድሞው ወጣት በአብዛኛው የቆረጠው ሌላው የጣለውን፣ አምሳያውም በየስፍራው ሞልቶ የነበረውን ነው፤ ከወዳቂ ነገር ክብር አወጣ። የዛሬው ሰው ያልተነካውን ሲቆርጥ ግን ከጥቂቱ አንዱን ያጎድላል። የተፈታ ብሎን ተመልሶ ይጠብቃል፤ የተቆረጠ ጣራ ግን ቢበየድም እንደ ጥንቱ አይሆንም። በሕግ በኩል ባለንብረቱን የሚከለክለው ላይኖር ይችላል። ሆኖም ዕቃውን ጠብቀው ለእርሱ ያደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ ከእርሱም በኋላ የሚመጡ አሉ። ስለዚህ በንብረቱ ላይ አደራ አለበት።

በሌላ በኩል ደግሞ አሮጌውን ሁሉ ማምለክ ልማዱን መሳት ነው። ፎርድ በ1939 ሞዴሎቹ ላይ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ሲያወጣ፣ ሆት ሮድ ሠሪዎች በዘንግ የሚሳበውን ፍሬን እያወለቁ አዲሱን በአሮጌ መኪናቸው ላይ ገጠሙ። ፍጥነት የጨመረ ሰው ማቆሚያውንም ማበርታት እንዳለበት ዐውቀዋልና። መንገድ የጋራ ነው፤ «የጥንቱ ወግ ነው» ብሎ በደካማ ፍሬን መውጣት በሌላው ሕይወት መቀለድ ነው።

እንግዲህ ከእነዚያ ወጣቶች የሚወረሰው የቁራጩ ዕድሜ አይደለም፤ ምን እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደሚተው የለዩበት ፍርድ ነው። ለዚህም የዛገና የተጣለ አካል ወይም ዛሬ በጥንቱ አምሳል ከአዲስ ብረት የሚሠራው፣ ተጠግኖም የተነሣ አሮጌ ሞተር ይበቃል። ያልተነካውን መኪና አይቶ መጋዙን መልሶ የሚሰቅል ሠሪ ሥራውን አላቋረጠም፤ ይህም ከሥራው አንዱ ክፍል ነው።