የተቀዳው ሥዕል ዋናውን ይተካልን?

በቪየና ሙዚየም የሚገኝ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። የሆላንዱ ዮሐንስ ቨርሜር በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሣለው ሲሆን፣ አንድ ሠዓሊ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሲሥል ያሳያል። ሠዓሊው ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ሥራው እንጂ ፊቱ አይታይም። በዚያው ዘመን ጎንደር ላይ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ (1667–1682) ነግሠው ነበር። የእኛዎቹ ሠዓሊዎች ጀርባቸውን እንኳ አላሳዩንም፤ አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል።

በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ። የተለጠፈ ነገር ደግሞ ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ የፈረንሳይ ጉዞ ጎንደር በቆየበት ጊዜ፣ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጉዞው ሠዓሊ የጥንቶቹን እያየ አዳዲስ ሥዕሎች ሣለ። አዲሶቹ በግድግዳው ላይ ተተኩ፤ የጥንቶቹ ወደ ፓሪስ ተጓዙ። ዛሬም እዚያው በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያኑ ምን ጎደለበት? ግድግዳው ባዶ አልቀረም። ቅዱሳኑም በየቦታቸው አሉ። ቅዱስ ባስልዮስ እንዳስተማረው ለሥዕሉ የሚሰጠው ክብር ወደ ባለሥዕሉ የሚያልፍ ከሆነ፣ በአዲሱም በኩል ያልፋል። ደግሞም መቅዳት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር ሠዓሊዎች ራሳቸው በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አምሳያ፣ በ1591 ሮም የታተመውን የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም እያዩ ሠርተዋል። እነርሱን አመስግነን ሩን ብንወቅስ አድልዎ አይሆንብንምን?

እኔ ግን አይሆንም እላለሁ። የጎንደሩ ሠዓሊ የሮሟን ሥዕል ሲቀዳ ሮም ምንም አላጣችም፤ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። የሩ ቅጂ ግን የተሠራው ዋናውን ለማስወጣት ነው። ደግሞስ ቅጂው ለጸሎት ይበቃል የሚለው ሰው፣ ቅጂው ለሙዚየምም ይበቃል ብሎ ስለ ምን አዲሱን ይዞ አልሄደም? ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው የትኛውን እንደሚወስድ አይጨነቅም። እነርሱ ግን በሚገባ መርጠዋል!

«ካህናቱ ተስማምተው የለምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ከባዱ ነጥብ ነው፤ እውነትም ተስማምተው ነበር። ይሁን እንጂ በአገራችን እስከ 1967 ዓ.ም. የነበረውን የርስት ሥርዓት አባቶቻችሁን ጠይቁ። የዳባት ገበሬ ርስቱን ያርሳል፣ ገብሱን ይበላል፣ ለልጁ ያወርሳል፤ ገና ያልተወለደውን ወራሽ ነቅሎ ለባዕድ ሊሸጠው ግን አይችልም ነበር። የደብር ሥዕልም እንዲሁ ነው። ያ የ1932 ስምምነት የእናንተን ድርሻም ጭምር አሳልፎ ሰጥቷል፤ ዛሬ ሥዕሉን ለማየት የሚሻ የደባርቅ ልጅ ጎንደር መውረዱ አይበቃውም፣ ፓሪስ መሻገር አለበት።

ነገሩ በፈረንሳዮች ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በየአጥቢያው ዕጣን ያጠቆረው ሥዕል ወርዶ በደማቅ የማተሚያ ቤት ሥዕል ሲተካ ደስ የሚለን ጥቂቶች አይደለንም። የወረደው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅም አይበዛም። አንድ ነጋዴ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ «አሮጌውን ስጡኝ፤ አዲስ በነጻ አሥልላችኋለሁ» ቢል፣ ከሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሞ እምቢ የሚለው ወጣት ምን ምክንያት ያቀርባል?

ጣሪያው እያፈሰሰ ሥዕሉን ቢያበላሸውስ? ያን ጊዜ ማውረድ ይገባል፤ ማውረድና ማስወጣት ግን አንድ አይደሉም። ዕቃ ቤቱ ቅርብ ነው፤ የሣር ክዳኑንም ማደስ የሰንበት ተማሪዎች የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።