ጠያቂ የሌለው ሰው

«በሕግ አምላክ!» ይህች አጭር ጥሪ በአገራችን ስንት ዱላ አስቁማለች! በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ፣ ባለዕዳ ክዶ ሊሄድ ሲል፣ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ፣ ቁም!» ካለ የተነሣው እጅ ይታጠፋል፤ የሚሮጠው እግር ይገታል። ተጣሪው መሣሪያ የለውም፤ ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ የደንብ ልብስም አልለበሰም። ያለው ቃል ብቻ ነው። ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። እንግዲህ ሕግ ማለት፣ ቢያንስ በቃል ደረጃ፣ ደካማው ጉልበተኛውን የሚያስቆምበት ድምፅ ነበር ማለት ነው።

ያ ዘመን ፍትሕ የሞላበት ነበር ማለቴ ግን አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለውም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሕዝብ አፍ ነው። ሁለቱ አባባሎች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ ማንም ሰው በሕግ ስም ማንንም ማስቆም ይችላል ይላል፤ ሌላው ላይ ላዩ አይነካም ይላል። ዛሬ ለጓደኞቼ የማቀርበው ጥያቄ ከሁለቱ መካከል የሚነሣ ነው፦ ዱላውን ያነሣው ራሱ የሕግ ሰው ሲሆን «በሕግ አምላክ» የሚባለው ለማን ነው?

ጥያቄውን አየር ላይ እንዳናንጠለጥለው ወደምናውቀው ሠፈር እንውረድ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። ከሠፈሩ አጠገብ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያው ነው። የአህጉሩ መሪዎች ስለ ሰው ልጅ ክብር ከተናገሩበት ደጃፍ ጥቂት ወረድ ሲሉ ሌላ ዓለም ኖሯል፦ ሊስትሮው፣ ሱቅ በደረቴው፣ የጉልት ቸርቻሪዋ፣ ማታ ማታ ቡና ቤት ደጃፍ የምትቆመው ሴት፣ ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረው ልጅ፣ ከራሱ ጋር እያወራ የሚዞረው ሕመምተኛ። ክፍለ ከተማው የተሰየመበት ቂርቆስ ራሱ ማን ነው? ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በገዢ ፊት ቆሞ መከራ የተቀበለ ሕፃን ነው። ሥልጣን በእናትና በልጅ ላይ እጁን ያነሣበትን ታሪክ በየዓመቱ እናከብራለን፤ የሚገርመው በዚያው ስም በተጠራው ሠፈር እናትና ልጅ ከነጉልታቸው ሲባረሩ ዘወር ብለን ማለፋችን ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ቃል እንመርምር፦ አፈሳ። እህል ይታፈሳል፤ መሬት ላይ የተደፋ ገብስ በእፍኝ ይታፈሳል። አፋሹ ፍሬ በፍሬ አይመርጥም፤ ገለባውም ጠጠሩም አብሮ ይገባል፤ ለፍሬውም ስም የለውም። በደርግ ዘመን ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ ሲለቀም አፈሳ ተባለ። ዛሬም ጎዳና አዳሪው ሌሊት በመኪና ተጭኖ ሲወሰድ «ታፈሱ» እንላለን። ሕዝቡ ቃሉን ያለምክንያት አልመረጠም። መያዝ ሌላ ነው፤ ማፈስ ሌላ ነው። የሚያዝ ሰው ስም አለው፣ የተጠረጠረበት ጉዳይ አለው፣ የተያዘበት ሰዓት አለው። የሚታፈስ ሰው ግን ምንም የለውም፤ ጥፋቱ እዚያ ቦታ መገኘቱ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለተማሪዎች አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ የወጡት ለራሳቸው የምግብና የመኝታ ጉዳይ አልነበረም። ለማኞችና ችግረኞች ሾላ በሚገኝ ማጎሪያ ታጉረው ስለነበረ ነው። ይዘውት የወጡት ጥያቄ አጭር ነበር፦ ድህነት ወንጀል ነውን? ከዚያ ወዲህ ሁለት ሥርዓቶች ወድቀዋል፤ ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ ቆሟል። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተነሡ ሰዎች በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በሚባል ቦታ ያለ ፈቃዳቸው ተይዘው እንደነበረና አያያዙም ኢሰብአዊ እንደነበረ ይፋ አድርጓል። ከሾላ እስከ ሲዳሞ አዋሽ ሃምሳ ሰባት ዓመት ነው። የተለወጠው ቦታው ነው እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ይከለክላል፤ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ኃይል መጠቀም የሚችለው ተያዡ ሲታገል ወይም ሊያመልጥ ሲል፣ ያውም ከሁኔታው ጋር በሚመጣጠን መጠን ነው ይላል። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 424 በያዘው ሰው ላይ የማይገባ ዘዴ የሚጠቀም የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። ወረቀቱ መልካም ነው። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ፤ ጉዳዩ «አደገኛ ቦዘኔነት» ነው። የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውን ጤነኛ ሰው ዋና ኢላማው አደረገ፤ ተጠርጣሪውንም ዋስትና ከለከለው። እንግዲህ አስቡት፦ በግድያ ያልተጠረጠረ፣ በስርቆት ያልተከሰሰ ሰው፣ በዋናነት መተዳደሪያው ስላልታየ እጁ ሊያዝ ነው። ሕጉ ሥራን መጠየቅ ትቶ ኑሮን ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አሩሻ ላይ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በሰጠው ምክረ ሐሳብ፣ እንዲህ ያሉ የቦዘኔ ሕጎች ከአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ጋር አይጣጣሙም ብሏል። የዚያ ቻርተር አባል ከሆኑት አገሮች አንዷ የእኛ አገር ናት።

«ኧረ ፖሊሱንም እይለት እንጂ!» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ ልክ ነው። ፖሊሱም አብዛኛውን ጊዜ የድሃ ልጅ ነው። ሌሊት በብርድ ይቆማል፤ የተሰበረ ጠርሙስ የያዘ ሰካራም ይገጥመዋል፤ ወደ ቤቱ የመመለስ መብት እሱም አለው። ኃይል ከቶ አይነሣ የሚል ሰው በካዛንቺስ ሌሊት አምሽቶ አያውቅም። ክርክሬ ኃይል አይኑር የሚል አይደለም። የኃይሉ ልክ በምን ይለካ? የሚል ነው።

መልሱ ለማንም ግልጽ ይመስላል፦ በአደጋው መጠን ይለካ። ቢላዋ ለያዘ አንድ ልክ፣ ባዶ እጁን ለቆመ ሌላ ልክ። በተግባር የምናየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ባለመኪናው ተቆጥቶ ሲሳደብ «ጌታዬ፣ ይረጋጉ» ይባላል፤ ሊስትሮው ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ በቆመጥ ይነካል። ባለመኪናው በጉልበትም በገንዘብም የበለጠ አደጋ ሊያደርስ ይችል ነበር። ታዲያ ዱላው ወደ ሊስትሮው ለምን ሄደ? ባለመኪናው ነገ የሚደውልለት ሰው ስላለው ነው። ስለዚህ በተግባር የዱላው ልክ የሚሰፈረው በአደጋው ሳይሆን ተመቺው ጠያቂ አለው ወይስ የለውም በሚለው ነው። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንዲሉ።

የደካማ ሰው ጉዳይ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ፖሊስ «ቁም!» ሲል ሰሚው ካልቆመ እምቢተኛ ተብሎ ኃይል ይነሣበታል። ነገር ግን እምቢ ማለትና አለመስማት አንድ ናቸውን? የአእምሮ ሕመምተኛው የሚሰማው ሌላ ድምፅ ሊሆን ይችላል። መስማት የተሳነው ጭራሽ አይሰማም። ከገጠር ትናንት የገባችው ልጅ አማርኛ አታውቅ ይሆናል። ሕፃኑ ፈርቶ ይሮጣል፤ ሩጫው ግን ማምለጥ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። እምቢታ አእምሮና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ በሌለበት እምቢታ የለም፤ እምቢታ በሌለበት ደግሞ የሚሰበር እምቢታ የለም። ያኔ የወረደው ዱላ ሕግ ማስከበር መሆኑ ቀርቶ ሰው መምታት ብቻ ይሆናል። ሌሊት ደጃፍ የቆመችውም ሴት እንዲሁ ናት። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ በሌላው ገላ የሚነግደውን ይቀጣል እንጂ እሷን ወንጀለኛ አላላትም። ታዲያ ጥፊው የየትኛው ፍርድ ማስፈጸሚያ ነው? እስራኤል ውስጥም እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ባት ያም ከተማ ላይ የአእምሮ ሕመም የነበረበት አንድ የ24 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገድሎ ብዙ ወገኖቻችን ሰልፍ ወጥተዋል። ጉዳዩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። አማርኛችን «ጠያቂ» ሲል ሁለት ሰው ማለቱ ነው። አንደኛው ታሳሪን፣ ሕመምተኛን፣ ሐዘንተኛን ሊጠይቅ ስንቅ ይዞ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው «ይህን ለምን አደረግህ?» ብሎ ባለሥልጣንን የሚጠይቀው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ «ተጠያቂነት» ያለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እኔ እንደማምነው ሁለቱ ጠያቂዎች በመሠረቱ አንድ ናቸው። ስንቅ ይዞ ጣቢያ የሚሄድ ወንድም የተመታውን ፊት ያያል፤ አይቶም «ማን ነው የመታህ?» ይላል። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ቁስሉን የሚያይለት የለም፤ ያልታየ ቁስል ደግሞ ተጠያቂ አያመጣም። ለዚህ ነው አንቀጽ 21 ታሳሪ በዘመድ፣ በጓደኛ፣ በሃይማኖት አባት፣ በሐኪምና በጠበቃ እንዲጎበኝ መብት የሰጠው። ጉብኝቱ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዓይን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት፣ የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ የጤና እክል ነው የሚል ነበር። እውነቱን ያወጣው መንገድ ላይ ቆማ የቀረጸች አንዲት ወጣት ናት። ጠያቂ ሆነችለት።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙው አሮጌ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከግድግዳው ጋር ሌላም ነገር ፈርሷል። ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ እድሩና ጉርብትናው አብሮ ተበትኗል። በአሮጌ ሠፈር የሚዞረው ሕመምተኛ በስሙ ይታወቅ ነበር፤ «ተዉት፣ የእንትና ልጅ ነው፣ ማንንም አይነካም» የሚል ጎረቤት ነበረው። መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በዝቶ፣ ያ ጎረቤት ከሌለ ሰውየው በደማቅ ብርሃን መካከል የማይታይ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ከላይ ያለውስ ጥያቄ? የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ የደረሰውን ግድያ የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አገኘ። አባላቱም የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ ወሰኑ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጡ፤ በኋላ ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት ግን የኃይሉን መጠን አልኰነነም። ጠያቂው ሲሰደድ ጥያቄውም አብሮ ተሰደደ። በአደባባይ ስለሞቱ 193 ሰዎች እንዲህ ከሆነ፣ ሌሊት ጥግ ላይ ስለተመታ አንድ ልጅ ማን ይጠይቃል?

ምን ይደረግ ለሚለው ጓደኛ ጥቂት ነገር እላለሁ። እያንዳንዱ ፖሊስና ደንብ አስከባሪ ስሙ ወይም ቁጥሩ በሩቅ የሚነበብ ይሁን፤ ስም የሌለው እጅ አይጠየቅምና። በኃይል የተያዘ ሰው ሁሉ ሰዓቱና ቁስሉ በመዝገብ ይግባ። ፖሊስን ፖሊስ ብቻ አይመርምረው። ሕመምተኛ በቆመጥ ሳይሆን በሐኪም ይነሣ፤ አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ብቻውን ተሸክሞታል፤ መቄዶንያም የአእምሮ ሕሙማንን ያለ ዱላ ከጎዳና ማንሣት እንደሚቻል አሳይቷል። ኑሮን እንደ ወንጀል የሚቆጥር ሕግም ይሰረዝ።

ይህ ሁሉ ግን ጠያቂ ከሌለ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሕግ የምትማሩ፣ ጥብቅና ማቆም የማይችል ሰው በየጣቢያው አለ። ሕክምና የምትማሩ፣ ቁስል ማንበብ ትችላላችሁ። ሌሎቻችን ቢያንስ ቆመን ማየት፣ ስም መጠየቅ፣ ሰዓት መያዝ እንችላለን። «ምን አገባኝ» የሚባለው ቃል ከቆመጡ ይልቅ ይጎዳል፤ ቆመጡ የሚተማመነው በእሱ ነውና። በ1958 ዓ.ም. የወጡት ተማሪዎች የሾላን ድሆች ዘመድ ስለሆኑ አልወጡም። ዘመድ የሌለውን መጠየቅ የዘመድ ሥራ አይደለም፤ የዜጋ ሥራ ነው።